ጠፋ እንጂ መች ቆመ? የማሽን ጽዳትና ጉዳት፦ ጥያቄና መልስ

ኮምቦልቻ ውስጥ ማሽን ስጠግን ነው የኖርኩት። ጠይቁኝ ባልኩት መሠረት የላካችሁልኝን እነሆ።

«ጋሼ፣ ክር ፋብሪካ ነኝ። ካርድ ማሽኑን፣ ጥጥ ማበጠሪያውን ማለቴ ነው፣ አጥፍተን ነው የተጠራቀመበትን ጥጥ የምናጸዳው። ታዲያ ምን ያሰጋል?»

ጠፋ ማለት ቆመ ማለት አይደለም፣ ወንድሜ። የካርድ ትልቁ ሲሊንደር ከባድ ነው። ኃይል ከተቋረጠም በኋላ ለደቂቃዎች ይሽከረከራል። ክዳኑን ሳትከፍት ጠብቀው። ዋናውን ማቋረጫ ዝቅ አድርግና በራስህ ቁልፍ ቆልፈው፤ መክፈቻው ኪስህ ይግባ። ሁለት ከሆናችሁ ሁለት ቁልፍ። ከዚያ ማስነሻውን ተጭነህ አለመነሳቱን እይ።

ይሄን የተማርኩት በክፉ ሌሊት ነው። እጄ ማርሹ ውስጥ እያለ ተረኛው ልጅ መጥቶ አስነሳው። ሞተሩ ጉር ሲል መንጭቄ አወጣሁ። የቱታዬ እጅጌ እስከ ክርን ተተልትሎ እዚያው ቀረ። ልጁ ምን ያድርግ? ሰው አለበት የሚል ምልክት አላኖርኩም።

«ደሴ ዳቦ ቤት ነው የምሠራው። ሊጥ ማቡኪያውን እየዞረ ነው የምንጠርገው። ጓንት ባደርግ ይበቃል?»

ኧረ በጭራሽ! የሚጎትትሽ ጓንቱ ራሱ ነው። ሻርፕም እንደዚያው። ሶኬቱን ነቅለሽ ጥረጊ፣ እህቴ።

«ልብሴን በኮምፕረሰር ባራግፍስ?»

ተው። ዓይን ያጠፋል። መጥረጊያ አለ አይደል?

«ማሽን ሳጸዳ ጣቴ ተቆረጠ። ጥፋቱ ያንተ ስለሆነ ምንም አታገኝም ተባልኩ።»

እንዲህ በቀላሉ አይባልም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው። ሆን ብለህ ራስህን ከጎዳህ ግን አይመለከተውም። ልብ በል፣ በግልጽ የተሰጠ የደህንነት መመሪያ መጣስና ሰክሮ መግባት እንደዚያው ይቆጠራሉ። ስለዚህ መመሪያው ተነግሮህ ነበር? «ሳታቆም ጥረግ» ያለህስ ማነው? አብረውህ የነበሩትን ስም ዛሬውኑ ጻፍ፤ ሰው ፈረቃ ይቀይራል፣ ሥራም ይለቃል። የሕክምና ወጪው የአሠሪው ነው። ሥራ መሥራት ካልቻልክ የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን 3 ወራት 75 በመቶ፣ ከዚያ እስከ ዓመቱ 50 በመቶ ይከፈልሃል።

«የተቆረጠ ጣት ምን ይደረግ?»

መጀመሪያ ሰውየው። ቁስሉን በንጹህ ጨርቅ ጫን አድርጋችሁ ያዙ፣ እጁን ከፍ አድርጉ። ጣቱን እርጥብ ንጹህ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ላስቲክ ውስጥ አስገቡና እሰሩት፤ በረዶ የሚቀመጠው ከላስቲኩ ውጭ ነው። በረዶ በቀጥታ ሥጋውን ይጎዳል። ወደ ደሴ የሚወጣው ዳገት ረጅም ነው፤ እየተነሳችሁ ሆስፒታል ደውላችሁ ንገሯቸው።