ትንሿ ሽጉጥ ወይስ የምትጨበጠዋ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ሰነበቱ፣ የምፅፍልዎት ከደብረ ብርሃን ጠባሴ ነው። ታናሽ ወንድሜ አሜሪካ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ነው ያለው፣ ኡበር ይነዳል፣ ማታ ማታ ስለሚሰራና አንዴ ስልኩንም ብሩንም ስለቀሙት ሽጉጥ ልገዛ ነው ብሎ በቴሌግራም የሶስት ሽጉጥ ፎቶ ላከልኝ፣ ሲግ ፒ365፣ ግሎክ 43ኤክስ እና ኤች ኬ ፒ30ኤስኬ የሚባሉ፣ ሶስቱም ከልብስ ስር የሚያዙ ትንንሽ ግን ውድ ናቸው አለኝ። የቱ ይሻላል ቢለኝ ማካሮቭን የሚያክል የለም ብዬው ሳቀብኝ። አባታችን የነበረው ማካሮቭ ነው፣ አንድም ቀን ሲከሽፍበት አላየንም። እርስዎ እዛም ስለኖሩ ይፍረዱን።

መልስ፦ ማካሮቭ እኮ የሚሳቅበት ብረት አይደለም ወንድሜ። እኔ በውትድርናዬ ዘመን መሳሪያ ግምጃ ቤት ስሰራ ስንቱን ፈትቼ እንደገጠምኩት ቆጥሬም አልዘልቀው፣ ጭቃ ገባበት አሸዋ ገባበት ጠርገህ ትመልሰዋለህ፣ ይሰራል። ግን ሶቪየቶች የተቀበሉት እ.ኤ.አ. በ1951 ነው፣ ባዶውን 730 ግራም ይመዝናል፣ ካዝናው የሚይዘው 8 ጥይት ነው። ወንድምህ ከላከልህ ውስጥ ሲጓ 500 ግራም ገደማ ሆና 10 ትይዛለች፣ ጥይቷም ከማካሮቩ ይበረታል። እንዴት ብትል፣ ማካሮቭ ሲተኮስ ስላይዱን፣ ማለቴ ወደኋላ የሚሸሸውን የላይኛውን ብረት፣ የሚይዘው የራሱ ክብደትና የስፕሪንጉ ጥንካሬ ብቻ ስለሆነ መክበዱ ግዴታው ነው፣ አዲሶቹ ግን አፈሙዙና ስላይዱ ተቆላልፈው ትንሽ አብረው ወደኋላ ሄደው ነው የሚላቀቁት፣ ስለዚህ በቀላል ብረትና በፕላስቲክ እጀታ ጠንካራ ጥይት ይችላሉ። በዛውም ይሄን ያዝ፣ የማካሮቭ ጥይት 9 በ18 ነው የነዚህ 9 በ19፣ ሁለቱም "ዘጠኝ" ስለሚባሉ ሰው አንድ ይመስለዋል፣ የማካሮቩ እርሳስ ራሱ 9.27 ሚሊሜትር ነው፣ ወፈር ይላል፣ የአንዱን ለአንዱ እንዳታጎርስ።

የነዚህ ትንንሾች ነገር ሁሉ የውፍረት ነገር ነው። ግሎክ 26 እ.ኤ.አ. በ1995 ሲወጣ 10 ጥይት ያዘ፣ ግን ከ3 ሴንቲ በላይ ይወፍራል፣ ወገብ ላይ ጡብ የሻጥክ ነው የሚመስለው። ሰው ቀጭን ቀጭን ሲል በ2015 ግሎክ 43 መጣ፣ ቀጠነ ግን 6 ጥይት ብቻ። በ2018 ሲግ ፒ365ን ሲያወጣ ነው ገበያው የተረበሸው፣ ካዝናው ውስጥ ጥይቶቹን በሁለት ረድፍ አጠጋግቶ ደርድሮ በዛችው ትንሽ ቁመት 10 አስገባባት። የመጀመሪያዎቹ ላይ ጥይቱን የሚመታው መርፌ እየተሰበረ ስሟ ጠፍቶ ነበር፣ በኋላ የተሰሩት ላይ ተስተካክሏል። ግሎክም ዝም አላለም፣ በዓመቱ 43ኤክስን አመጣ፣ ቅጥነቱ እንዳለ፣ እጀታው ረዘም ብሎ፣ 10 ጥይት።

ልዩነቱ ግን ወረቀት ላይ አይታወቅም፣ እጅህ ላይ ነው። ልጄ ጋ ግሪን ካርድ ይዤ አሌክሳንድሪያ ስድስት አመት ስኖር አማቼ ቅዳሜ ቅዳሜ ተኩስ መለማመጃ ይወስደኝ ነበር፣ እዛ ሽጉጥ በኪራይ ይሰጡሃል። አንድ ቀን ትንሿን ሲግ ስይዛት ደስ አለችኝ፣ መዳፌ ውስጥ ጥፍት አለች፣ ከዛ መተኮስ ስጀምር ትንሿ ጣቴ የምታርፍበት አጥታ አየር ላይ ተንጠለጠለች፣ ብረቷ ቀላል ስለሆነች ርግጫዋን ሁሉ ለእጄ ነው የምትሰጠው፣ 30 ጥይት ሳልሞላ በአውራ ጣቴና በጠቋሚዬ መሀል ያለው ቆዳ ቀላ፣ ኢላማውን ስናመጣው ጥይቱ እንደ ጤፍ ዘር ተበትኗል። አማቼ ከት ብሎ ሳቀ፣ እኔ የድሮ ወታደር ነኝ እያልኩ ስፎክር ነበራ። 43ኤክሱን ስይዝ ትንሿም ጣቴ ገባች፣ እጀታው 2 ሴንቲ ገደማ ነው የሚረዝመው፣ ያቺው ሁለት ሴንቲ ጥይቱን ሰበሰበችልኝ። ችግሩ ደግሞ ሰው ከልብስ በላይ ቅርፁን የሚያይብህ በእጀታው ነው፣ አፈሙዙማ ሱሪ ውስጥ ነው። እኛ ጋ በርኖስ የለበሰ የመንዝ ሰው ምኒሽርም ይደብቃል፣ የቨርጂኒያ ሐምሌ ግን ሸዋ ሮቢትን ያስንቃል፣ በስስ ቲሸርት ነው የምትውለው፣ እዛ ላይ ሲጓ ትበልጣለች።

ኤች ኬው ሌላ ነገር ነው። ወፍራም ነው፣ 3.5 ሴንቲ ሊሞላ ምንም አይቀረው፣ 680 ግራም ይመዝናል፣ ዋጋውም ከሁለቱ ይወደዳል። ግን ቪ3 የሚሉት አይነቱ መዶሻ አለው፣ የመጀመሪያው ቃታ ረዥምና ከባድ ነው የቀሩት ቀላል፣ ልክ እንደ ማካሮቭ። አየህ አንተ ብትመርጥ እሱን ነበር የምትወድ። በዛ ላይ ክብደቱ ርግጫውን ይውጥልሃል፣ ሶስቱንም ተኩሼ እጄን ያላመመኝ እሱ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ወገቤ ላይ ይዤው ልዋል ወይ ካልከኝ ግን አልልም።

እንግዲህ ፍረድ ካልከኝ፣ የወንድምህ እጅ መካከለኛም ትልቅም ከሆነ 43ኤክስ፣ እጁ ትንሽ ከሆነ ወይ ደግሞ ልብሱ ስስ ከሆነ ሲጓ። ግን ተከራይቶ በያንዳንዱ 50 50 ጥይት ሳይተኩስ እንዳይገዛ፣ በፎቶ ሽጉጥ መግዛት ጥርሱን ሳያዩ በሬ እንደመግዛት ነው። ማህደሩ ላይ ደግሞ ገንዘብ እንዳይቆጥብ፣ ቃታውን ጥርቅም አድርጎ የሚሸፍን ጠንካራ ማህደር ያስፈልጋል። በኛ ጊዜ አንድ ባልደረባዬ ማካሮቩን አቀባብሎ ሴፍቲውን ረስቶ ጃኬት ኪሱ ውስጥ ከቤት ቁልፉ ጋር ከተተው፣ ቁልፉን አወጣለሁ ሲል ጭኑን ነው የላጠው፣ እግዜር አተረፈው። የግሎክና የሲግ ቃታ ደግሞ ከማካሮቭ የመጀመሪያ ቃታ በጣም ይቀላል፣ ስለዚህ ኪስ ውስጥ ዝም ብሎ መክተት፣ መኪና በር ስር ወይ ወንበር ስር መወርወር የሚባል ነገር የለም። ሹፌር ሲቀመጥ ደግሞ የመኪናው ቀበቶ ወገቡ ላይ ያለውን ይሸፍንበታል፣ ሆዱ ላይ ቢያደርገው ይወጋዋል፣ ይሄን ሁሉ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ይሞክረው፣ ባዶ ሽጉጥ ይዞ ታዲያ።

አሁን ቢያስቀይመውም ዋናውን ንገረው። ኡበር አሜሪካ ውስጥ ሹፌሮቹ ስራ ላይ መሳሪያ እንዳይዙ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክሏል፣ የመንግስት ፈቃድ ቢኖራቸውም። ቨርጂኒያ ደብቆ የመያዝ ፈቃድ የምትሰጠው 21 አመት ለሞላው ነው፣ በሚኖርበት አካባቢ ሰርኪዩት ፍርድ ቤት ያመለክታል፣ 5 አመት ያገለግላል፣ እሱ ጥሩ። ግን ከአሌክሳንድሪያ ተሳፋሪ ጭኖ ፖቶማክን በድልድይ ሲሻገር ዲሲ ነው፣ ዲሲም ሜሪላንድም የሌላ ስቴት ፈቃድ አይቀበሉም፣ አስር ደቂቃ ነድቶ ህጋዊው ሰው ወንጀለኛ ይሆናል ማለት ነው፣ ግሪን ካርድ ላይ ከሆነ ደግሞ የመሳሪያ ወንጀል እስከ መባረር ያደርሳል። ማታ ማታ ዲሲ የሚመላለስ ሹፌር ከሶስቱ አንዱንም ይዞ ስራ እንዳይወጣ ነው የምለው። ለስራው የመኪና ካሜራ ያስገጥም፣ ጥሬ ብር አይያዝ፣ ሽጉጡን ከወደደው ለቤቱ ይግዛው፣ ለቤት ከሆነ ደግሞ መደበቁ ስለማያስጨንቀው ያው ኤች ኬው ይሁን።

ጥያቄ፦ ጋሼ እኔ ከሸዋ ሮቢት ነኝ። አክስቴ ከአሜሪካ ለገና ትመጣለች፣ አንድ ግሎክ ገዝታ ሻንጣ ውስጥ ብታመጣልኝ እዚህ አስመዘግበዋለሁ፣ ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም ልጄ፣ አክስትህንም አታሳስራት። በአሜሪካ የፌዴራል ህግ ለሌላ ሰው አስቦ ለራሴ ነው ብሎ ሽጉጥ መግዛት ብቻውን ወንጀል ነው፣ ያለ ፈቃድ ከሀገር ማስወጣቱ ሌላ ወንጀል ነው፣ እዚህ ደግሞ በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ ማስገባት ክልክል ነው። ሶስት ወንጀል በአንድ ሻንጣ። አንዳንዱ ይሄን ሲሰማ በቱርክ ሰራሹ ልሂድ ይላል፣ በኮንትሮባንድ የሚገባውን ማለቴ ነው። እሱማ ከህጉም ሌላ፣ ውስጡ ድምፅ ብቻ እንዲያወጣ ተሰርቶ በኋላ ጥይት እንዲተኩስ የተቀየረ አለበት፣ ብረቱ ለእውነተኛ ጥይት ግፊት ስላልተሰራ እጅህ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ጫማ አምጪልኝ በላት።

ጥያቄ፦ ከመንዝ መሐል ሜዳ ነው። አያቴ በአርበኝነት ጊዜ ከጣሊያን የማረኳት ትንሽ ሽጉጥ አለች፣ ላይዋ ላይ 1937 እና የሮማ ቁጥር አለ። ከዘመኑ ትንንሽ ሽጉጦች ጋር ትወዳደራለች? ፈቃዷ በአባቴ ስም ነው።

መልስ፦ እንዲህ አይነት ደብዳቤ ሲመጣልኝ ነው ደስ የሚለኝ። ቤሬታ ሞዴል 1934 መሆን አለባት፣ ስላይዷ ላይ "ካል 9 ኮርቶ" የሚል የጣሊያን ፅሁፍ ታገኛለህ፣ አጭር ዘጠኝ ማለት ነው፣ 9 በ17፣ ከማካሮቭም ከአዲሶቹም ያነሰ ጥይት። ከ1937 ጎን ያለው የሮማ ቁጥር 15 ከሆነ የፋሺስቶቹ የራሳቸው አመት አቆጣጠር ነው፣ ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምረው ነበር የሚቆጥሩት። ራስ አበበ አረጋይ ሸዋ ላይ ሲዋጉ ጣሊያን መኮንኖች ወገብ ላይ የነበረች ይቺው ናት።

ከዘመኑ ጋር ትወዳደራለች ላልከው፣ በመጠኗ አታፍርም፣ 7 ጥይት ትይዛለች፣ ከሲጓ ትንሽ ነው የምትረዝመው። ብረቷ ሙሉ ስለሆነ ግን 650 ግራም አካባቢ ትከብዳለች። ዋናው ድክመቷ ሴፍቲዋ ነው፣ የሚይዘው ቃታውን ብቻ ነው፣ ከወደቀች የሚመታውን መርፌ የሚከለክል ነገር የላትም፣ አዲሶቹ ሁሉ ይሄ አላቸው። ስለዚህ አጉርሶ መያዝ የለም። የጥይቷ ጉዳይም አለ፣ ማካሮቭ ጥይት ይገባል የሚልህ ሰው ካለ አትስማው።

ስትጠርጋት መጀመሪያ ካዝናዋን አውጣ፣ ከዛ ስላይዷን ስበህ ውስጧን በአይንህም በጣትህም እይ። ባዶ ካዝና ላይ ስላይዷ ወደኋላ ቀርቶ ካዝናው ሲወጣ ጠቅ ብሎ ይዘጋል፣ ብዙ ሰው ይሄን ድምፅ ሲሰማ ጥይት ጎረሰች ብሎ ይደነግጣል፣ አሰራሯ ነው። ትንሽ ዘይት፣ ደረቅ ጨርቅ፣ ሌላ ምንም፣ በአሸዋ ወረቀት ፍቀህ ቁጥሩን እንዳታጠፋው ብቻ።