ከሙቀት መከላከያው ውፍረት በፊት ስለ እንፋሎቱ ያስቡ

«በብርዱ ወራት ውጭው ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ይደርሳል። ለእንጨት ሥራ የሚሆን 3 በ4 ሜትር የጓሮ ወርክሾፕ ልሠራ ነው፤ ግድግዳው ውስጥ ስንት ሴንቲሜትር የሙቀት መከላከያ ልክተት?» ብለው ለጠየቁት፦ ለግድግዳው 10 ሴንቲሜትር ይበቃዎታል፤ ጣሪያውን 15 ወይም 20 ቢያደርጉት ደግሞ የተሻለ ነው። የጥያቄው መልስ ይኸው ነው። እኔን ያስመረረኝ ግን ውፍረቱ አልነበረም።

የመጀመሪያ ወርክሾፔን ስሠራ ግድግዳውንም ጣሪያውንም በድንጋይ ሱፍ (ከቀለጠ ድንጋይ በሚፈተል የሙቀት መከላከያ) ሞላሁት፤ ከውስጥ ኮምፔንሳቶ አለበስኩት፤ አንዲት የጋዝ ማሞቂያ አስገባሁና ደስ ብሎኝ ሥራ ጀመርኩ። በሁለተኛው ወር ከኮርኒሱ ውኃ ይንጠባጠብ ጀመር። ጣሪያው አፈሰሰ ብዬ መሰላል አቆምኩና በረዶው ላይ እየተንሸራተትኩ ቆርቆሮውን ሚስማር በሚስማር ፈተሽኩት። አንድም ቀዳዳ የለም። ኮርኒሱን ስከፍተው ሱፉ ታጥቦ እንዳልተጨመቀ ብርድ ልብስ ከብዶ ተንጠልጥሏል፤ ከቆርቆሮው ሥር ውርጭ ተጋግሯል፤ እንጨቱ ሻግቷል። ውኃው ከላይ የመጣ አልነበረም። እኔው ራሴ ከታች የላክሁት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። 20 ዲግሪ ሙቀትና 50 በመቶ እርጥበት ያለው አየር 9 ዲግሪ ገደማ የሆነ ነገር ሲነካ ውኃውን መጣል ይጀምራል። ቆርቆሮው ደግሞ ከዜሮ በታች ነው። በዚያ ላይ ፕሮፔን ከሚባለው የማሞቂያ ጋዝ አንድ ኪሎ ሲቃጠል ከ1.6 ኪሎ የማያንስ ውኃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ጭስ ማውጫ የሌለው የጋዝ ማሞቂያ እያሞቀ ክፍሉን የሚያርስ ዕቃ ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱን ሳንጨምር። የረጠበ ሱፍ ደግሞ ሙቀት አይከለክልም፤ ሥራውን የሚሠራው በውስጡ የታሰረው የማይንቀሳቀስ አየር ነውና።

ስለዚህ ሱፉን ከከተቱ በኋላ፣ ኮምፔንሳቶውን ከመምታትዎ በፊት፣ በሞቃቱ በኩል 0.15 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ፕላስቲክ ይዘርጉ። መጋጠሚያዎቹን ደራርበው በቴፕ ያሽጉ፤ በሶኬቶች ዙሪያ፣ በመስኮቱ ጠርዝ፣ ግድግዳው ከኮርኒሱ ጋር በሚገናኝበት ሁሉ። አሰልቺ ሥራ ነው፤ እኔ ሁለተኛውን ስሠራ አንድ ሙሉ ቀን ፈጅቶብኛል። በውጭው በኩል ግን ፕላስቲክ አይድገሙ፤ ነፋስና ዝናብ የሚከላከል፣ እንፋሎት የሚያስወጣ ሽፋን ይሁን። በቆርቆሮውና በሱፉ መካከልም 5 ሴንቲሜትር ክፍተት ትተው አየር በአንዱ ጫፍ ገብቶ በሌላው እንዲወጣ ያድርጉ። ሱፉን ጨምቆ መጠቅጠቅ የሚጠቅም የሚመስላቸው አሉ፤ የታሰረውን አየር ከማስወጣት ሌላ ትርፍ የለውም።

ወለሉን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሙሉ ቀን ቆሞ የሚሠራ ሰው ብርዱ የሚጀምረው ከእግሩ ነው። አፈሩን ጠርገው ጠጠር ያልብሱ፤ ውኃ የያዘ አፈር ሲቀዘቅዝ አብጦ ቤቱን ያነሣዋልና። ከዚያ ወለሉን በብሎኬት ከፍ አድርገው በአግዳሚዎቹ መካከል ጠንካራ ፎም ይግጠሙ። የትም ቢሆን ፎም ተራቁቶ አይተው፤ እሳት ይወዳል፤ በተለይ የእንጨት ብናኝ ባለበት።

የብረት ማዕቀፍ ካሰቡ ይተዉት። ብረት ሙቀትን ከእንጨት በመቶዎች እጥፍ ፈጥኖ ያስተላልፋል፤ ካልሸፈኑት እያንዳንዱ ቋሚ ውስጡ ላይ የውርጭ መስመር ያሰምርልዎታል። መስኮት አንድ ይበቃል፤ ባለ ሁለት መስታወት ይሁን።

ይህን ሁሉ ካደረጉ፣ በእኔ ስሌት፣ ያን ክፍል 18 ዲግሪ ላይ ለማቆየት 1.5 ኪሎዋት ይበቃዎታል። ባዶ ጣውላ ቢሆን ሦስት አራት እጥፍ በፈለገ ነበር። ዘይት ያለው የኤሌክትሪክ ራዲያተር እመርጣለሁ፤ የጋለ ሽቦው የሚታይ ማሞቂያ ከብናኝ ጋር አይስማማም። ከመጋዙ ጋር በአንድ መስመር ላይ አይሰኩት፤ የራሱ መስመር ይዘርጉለት።

አንድ ነገር ደግሞ ማንም ሳይነግረኝ የቀረ፦ የብናኝ መሳቢያው። በሰዓት 1000 ሜትር ኩብ አየር ስቦ ወደ ውጭ የሚተፋ ከሆነ፣ የእርስዎን ክፍል ሙቅ አየር በሁለት ደቂቃ ውስጥ ጠርጎ ያወጣዋል። ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ካለዎት ደግሞ ጭሱን ወደ ውስጥ ይጎትተዋል። በጥሩ ማጣሪያ አሳልፎ አየሩን ወደ ክፍሉ የሚመልስ ይግዙ።

ማሞቂያውን ማታ ማታ የሚያጠፉ ከሆነ ኮላውን፣ በውኃ የሚበጠበጠውን ቀለምና የመሰርሰሪያውን ባትሪ ወደ ቤት ይዘው ይግቡ። ሊቲየም ባትሪ ከዜሮ በታች ቻርጅ ሲደረግ ይበላሻል፤ እኔ ሁለት ጥያለሁ።