ስለ ስራ ውልና ህብረት ስምምነት የጠየቃችሁኝ፣ መልሱ ይኸው

ሰላም ለሁላችሁም። አንድ ፋብሪካ ውስጥ የመሰረታዊ ሰራተኛ ማህበር ጸሀፊ ሆኜ ሁለት ጊዜ የህብረት ስምምነት (ማህበሩ ሰራተኛውን ወክሎ ከአሰሪው ጋር የሚፈርመው ውል) ድርድር ላይ ተቀምጫለሁ፣ አሁን ደግሞ ሰራተኛ ሲባረር ወረቀት በማዘጋጀት አግዛለሁ። ጠበቃ አይደለሁም። እዚህ የምመልሰው በአሰሪና ሰራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ላይ ነው፣ ማለትም የግል ድርጅትና የመንግስት ልማት ድርጅት ሰራተኛን የሚመለከተው። የመንግስት መስሪያ ቤት ሲቪል ሰርቫንት ከሆናችሁ የናንተ ህግ ሌላ ስለሆነ በኔ መልስ እንዳትሳሳቱ።

ጥያቄ፦ ሶስት አመት ሙሉ በየስድስት ወሩ ኮንትራት እያስፈረሙኝ ነው፣ የምሰራው ማሽን ላይ ነው፣ ስራው ተቋርጦ አያውቅም። አሁን "ኮንትራትህ አልቋል" አሉኝ። መብት አለኝ?

አለህ፣ በጣም አለህ። ብዙ ሰው ወረቀቱ ላይ "ለስድስት ወር" ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ህጉ ግን የሚነሳው ከተቃራኒው ነው፣ ማንኛውም የስራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል፣ ለተወሰነ ጊዜ መዋዋል የሚቻለው አንቀጽ 10 ላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች ብቻ ነው። ለምሳሌ ወሊድ ወይ ህመም ላይ ያለ ሰራተኛን መተካት፣ ድንገት የበዛ ስራ፣ የወቅት ስራ፣ ተጀምሮ የሚያልቅ የተለየ ስራ፣ እንዲህ አይነት። አንተ የምትሰራው ማሽን ነገም ከነገ ወዲያም የሚዞር ከሆነ ስራው ቋሚ ነው፣ ስራው ቋሚ ከሆነ ደግሞ ስድስት ጊዜ ብትፈርምም አንተ ቋሚ ነህ ብለህ መከራከር ትችላለህ። ፍርድ ቤት የሚያየው የስራውን ባህሪ ነው። ስለዚህ የፈረምካቸውን ኮንትራቶች በሙሉ፣ የፔሮል ወረቀት፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የመታወቂያህን ኮፒ ሰብስብ፣ አንተ ከወጣህ በኋላ ማሽኑ ላይ ሌላ ሰው ተቀጥሮ እንደሆነም አጣራ፣ እሱ ብቻውን ትልቅ ማስረጃ ነው። ለመክሰስ ያለህን ጊዜ ደግሞ ከታች ስለተባረረችው ልጅ የጻፍኩት ላይ አንብብ፣ እዛ ላይ ነው ሰው የሚሸወደው።

ጥያቄ፦ አራት ወር ሰርቻለሁ፣ "አሁንም ፕሮቤሽን ላይ ነሽ" ይሉኛል። ልክ ነው?

አይደለም። የሙከራ ጊዜ ከ60 የስራ ቀን መብለጥ አይችልም፣ እሱም በጽሁፍ መሆን አለበት። በሳምንት ስድስት ቀን የምትሰሪ ከሆነ ወደ አስር ሳምንት ነው። አልፏል፣ ቋሚ ነሽ፣ ቅጥርሽም የሚቆጠረው ከመጀመሪያው ቀን ነው። ከዚህ በኋላ ያለ በቂ ምክንያትና ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት አይችሉም።

ጥያቄ፦ ምንም የተጻፈ ውል የለኝም፣ በአፍ ነው የተቀጠርኩት።

ውል አለህ፣ ያልተጻፈ ውልም ውል ነው። በጽሁፍ ካልተደረገ አሰሪው በ15 ቀን ውስጥ ዋና ዋናዎቹን ነገሮች የያዘ የተፈረመ ወረቀት ሊሰጥህ ይገባል፣ ባለመስጠቱ አንተ መብትህን አታጣም። ደመወዝህ በባንክ ይግባ፣ በእጅ ከሆነ የሚከፈልህ ቀኑንና መጠኑን ደብተር ላይ ጻፍ።

ጥያቄ፦ 40 ሰራተኞች ነን፣ ማህበር ለማቋቋም አስበናል ግን መሪዎቹ እንዳይባረሩ ፈራን።

ፍርሀታችሁ ይገባኛል፣ እኛም በዚህ አልፈናል። አስርና ከዚያ በላይ ሰራተኛ ያለበት ድርጅት ውስጥ ማህበር ማቋቋም ይቻላል፣ የአባላቱ ቁጥር ግን ከአስር ማነስ የለበትም። ህገ መንግስቱም አንቀጽ 42 ላይ የመደራጀትና ከአሰሪ ጋር የመደራደር መብትን በግልጽ አስቀምጦታል፣ ኢትዮጵያም የአለም ስራ ድርጅትን 87 እና 98 ቁጥር ስምምነቶች ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው፣ አዲስ ነገር አይደለም የምትጠይቁት። የማህበር አባል መሆን፣ ተወካይ ሆኖ መመረጥ ወይ ለመመረጥ መወዳደር የስንብት ምክንያት ሊሆን እንደማይችል አዋጁ አንቀጽ 26 ላይ ተጽፏል። በዚህ ምክንያት የተባረረ ሰው ደግሞ ወደ ስራው እንዲመለስ ነው የሚወሰነው፣ አሰሪው "ካሳ ከፍዬ ልገላገለው" ማለት አይችልም፣ መመለስ የማይፈልገው ሰራተኛው ራሱ ካልሆነ በቀር።

ግን አንድ ነገር ከልቤ ልምከራችሁ፣ አሰሪ "ማህበር ስላቋቋመ አባረርኩት" ብሎ አይጽፍም። አርፍዷል ይላል፣ ቀርቷል ይላል፣ ትእዛዝ አልቀበልም ብሏል ይላል። ስለዚህ አስተባባሪዎቹ በዚያ ሰሞን በሰአት መግቢያ፣ በፈቃድ፣ በዋርኒንግ በኩል ምንም ቀዳዳ አይስጡ። ምስረታውን ከስራ ሰአት ውጪ አድርጉት፣ ቃለ ጉባኤ ያዙ፣ የተሰብሳቢዎች ፊርማ ይኑር፣ ቶሎ አስመዝግቡ። በዘርፋችሁ ያለውን የማህበራት ፌዴሬሽን ወይም ኢሰማኮን (የኢትዮጵያ ሰራተኛ ማህበራት ኮንፌዴሬሽን) ቀድማችሁ አማክሩ፣ ሞዴል መተዳደሪያ ደንብ ይሰጧችኋል።

ጥያቄ፦ ማህበር አለን፣ የህብረት ስምምነት እንደራደር ብለን ደብዳቤ ጻፍን፣ ማኔጅመንቱ "አሁን ጊዜው አይደለም" አለን። ከዚህ በኋላ ምን እናድርግ?

"ጊዜው አይደለም" የሚል መልስ ህጉ ውስጥ የለም። ጥያቄው በጽሁፍ ከነረቂቁ ከደረሰው በኋላ ሌላኛው ወገን በ10 ቀን ውስጥ ለድርድር መቅረብ አለበት፣ ሁለቱም ወገኖች በቅን ልቦና የመደራደር ግዴታ አለባቸው። ስለዚህ ደብዳቤያችሁን ያስገባችሁበት ኮፒ ላይ ማህተምና ቀን አለ ወይ? ከሌለ እንደገና አስገቡ። ካለ ደግሞ አስሩ ቀን ሲያልፍ ወደ ስራና ክህሎት ቢሮ ሄዳችሁ አስማሚ ይመደብልን በሉ። በአስማሚ ካልተፈታ ጉዳዩ ወደ ስራ ክርክር ሰሚው ቦርድ ይሄዳል፣ የህብረት ስምምነት ጉዳይ የወል ክርክር፣ ማለትም ሰራተኛውን በጋራ የሚመለከት፣ ስለሆነ የግል ስንብት እንደሚሄድበት ፍርድ ቤት አይሄድም። ይህን ብዙ ማህበር ያምታታዋል፣ መጀመሪያ ፍርድ ቤት ሄዶ ስልጣን የለኝም ሲባል ወራት ያልፋሉ።

ጠረጴዛው ላይ ስትቀመጡ ደግሞ ቃሉን ተጠንቀቁ። የኛን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ድርድር ላይ የትራንስፖርት አበል ጠየቅን፣ ማኔጅመንቱ ብዙም ሳይከራከር እሺ አለ፣ እኛ ደስ ብሎን ወጣን። ስምምነቱ ታትሞ ሲመጣ አንቀጹ "ድርጅቱ አቅሙ ሲፈቅድ የትራንስፖርት አበል ይከፍላል" ይላል። ፈርመናል እኮ፣ እኔ ራሴ ነኝ የፈረምኩት። ሶስት አመት ሙሉ አንድ ሳንቲም አልተከፈለም፣ በጠየቅን ቁጥር "አቅማችን አልፈቀደም" ነው መልሱ። ሌሊት ከሺፍት የሚወጡ እናቶች በእግራቸው እየሄዱ ነበር፣ እስከዛሬ ያመኛል። ሁለተኛው ድርድር ላይ እኔ የያዝኩት አንድ ስራ ብቻ ነበር፣ "እንደ አስፈላጊነቱ"፣ "አቅም በፈቀደ መጠን"፣ "ድርጅቱ ባመነበት ጊዜ" የሚሉትን ሀረጎች በቀይ ማስመር። እያንዳንዱን በቁጥርና በቀን ቀየርነው፦ ስንት ብር፣ ለማን፣ በየወሩ በስንተኛው ቀን። የስራ ልብስ "በቂ" ሳይሆን በአመት ሁለት፣ መስከረምና መጋቢት። ከዛ በኋላ ነው ያልተከፈለ ነገር ሲኖር ይሄው አንቀጹ ብለን ማሳየት የቻልነው።

ሌላው፣ የድርድር ኮሚቴ አባላት ለድርድሩ የሚሄድባቸው ጊዜ ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ነው፣ ከአመት እረፍታችሁ እንዳይቆርጡባችሁ።

ጥያቄ፦ ህጉ ለመጀመሪያው አመት 16 ቀን የአመት ፈቃድ ይላል፣ የህብረት ስምምነታችን 20 ቀን፣ የፈረምኩት ውል ላይ ደግሞ 14 ይላል። የትኛው ነው የሚሰራው?

ሀያው። ህግ ወለል ነው፣ ከሱ በታች የወረደ ውልም ሆነ ህብረት ስምምነት አይሰራም፣ ስለዚህ 14ቱ ከመጀመሪያውም ዋጋ የለውም፣ ብትፈርምበትም። ህብረት ስምምነቱ ከህጉ የተሻለ ጥቅም ከሰጠ እሱ ይጸናል፣ በአንድ ጉዳይ ላይ ህጉ የሚሻል ከሆነ ደግሞ ህጉ። ብቻ ስምምነቱ አንተን ይሸፍን እንደሆነ "የተፈጻሚነት ወሰን" የሚለውን አንቀጽ አንብብ፣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ገጾቹ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ አለቃዬ ተናዶ "ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ" አለኝ፣ በማግስቱ ጥበቃው አላስገባም አለኝ። ደብዳቤ ምናምን የለም። ኤችአር "ታገሺ እናስታርቃችኋለን" እያለኝ ሁለት ወር ሆነኝ።

እህቴ ይህን ስታነቢ ዛሬውኑ ተነሺ። ወደ ስራ ልመለስ የሚል ክስ የሚቀርበው በ3 ወር ውስጥ ነው፣ ሁለቱን ጨርሰሻል። ከኤችአር ጋር በአፍ መመላለስ ቀኑን አያቆመውም። ከስንብቱ ጋር የተያያዙ ክፍያዎች 6 ወር፣ ደመወዝና ኦቨርታይም ደግሞ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ 6 ወር። ስንቱ ጥፋት የሌለበት ሰው ነው በዚህ ሶስት ወር ብቻ የወደቀው፣ አይቻቸዋለሁ፣ "ያስታርቁኛል ብዬ" ይላሉ ፍርድ ቤት ቆመው።

ሁለተኛው አደጋ፣ በአፍ አባሮ ጥበቃ የሚያቆመው አሰሪ በኋላ "አምስት ቀን ከስራ ስለቀረች ነው" የሚል መልስ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ዛሬ አንድ ደብዳቤ ጻፊ፦ በዚህ ቀን እከሌ እንዳትመጪ አሉኝ፣ በማግስቱ በዚህ ሰአት በር ላይ ተከለከልኩ፣ ስራ ለመስራት ዝግጁ ነኝ። እጅ በእጅ አንቀበልም ካሉ በፖስታ ቤት በአደራ ላኪው፣ ደረሰኙን ያዢ። በር ላይ ስትከለከይ ያዩ ሁለት ሰዎች ስም ያዢ። ስንብት በጽሁፍ ምክንያቱና ቀኑ ተገልጾ መሰጠት እንዳለበትም ክስሽ ላይ ይጻፍ። ህገወጥ ከተባለ ወይ ትመለሻለሽ ወይ ደግሞ ካሳ፣ ካሳው የአማካይ የቀን ደመወዝ በ180 ተባዝቶ ነው፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜው ክፍያም ይጨመራል። የስራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ የለውም፣ ገንዘብ የለኝም ብለሽ እንዳትቀሪ።

ጥያቄ፦ ሰባት አመት ሰርቼ በፈቃዴ ልለቅ ነው፣ የስንብት ክፍያ አለኝ?

አምስት አመት ስለሞላህ አለህ፣ ድርጅቱ አሰልጥኖህ የማገልገል ግዴታ ካልቀረብህ። ለመጀመሪያው አመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ አመት የሱ ሲሶ፣ በጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ደመወዝህ 9,000 ብር ቢሆን በግምት 9,000 ሲደመር ስድስት ጊዜ 3,000፣ 27,000 ብር ይመጣል። የ30 ቀን ቅድሚያ ማስጠንቀቂያ በጽሁፍ ስጥ፣ ተናደህ ነገ እንዳትቀር።

ጥያቄ፦ ሱፐርቫይዘር ነኝ፣ "አንተ የስራ መሪ ነህ አዋጁ አይመለከትህም" ተባልኩ።

ስሙ አይወስንም፣ ስልጣኑ ነው የሚወስነው። የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ፣ የማሰናበት ወይ የድርጅቱን ፖሊሲ የማውጣት ስልጣን አለህ? ከሌለህና ስራህ ሰዎችን ማሰማራትና ሪፖርት መጻፍ ብቻ ከሆነ ተከራከር።

ጥያቄ፦ የቤት ሰራተኛ የሆነች እህቴስ?

ይህን ስመልስ ሁሌም ያሳዝነኛል። አዋጅ 1156 የቤት ሰራተኞችን አይሸፍንም፣ የስራ ሁኔታቸው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ይወሰናል ብሎ አልፎታል። ያልተከፈለ ደመወዝ ካለ ግን በፍትሐ ብሔር ህጉ መጠየቅ ይቻላል፣ ውሏን ብታጽፍ ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ ድርድሩ ከከሸፈ ስራ ማቆም እንችላለን?

መብቱ አለ፣ ግን ስርአቱን ካልጠበቃችሁ ህገወጥ ይባልና የምትጎዱት እናንተ ናችሁ። ቢያንስ ሁለት ሶስተኛ የማህበሩ አባላት በተገኙበት ስብሰባ በአብላጫ ድምጽ መወሰን፣ ምክንያቱን ገልጾ የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ ለአሰሪውም ለሚመለከተው መስሪያ ቤትም መስጠት፣ ከዛ በፊት ለመስማማት መሞከር። ሆስፒታል፣ እሳት አደጋ፣ መብራት፣ አየር ትራንስፖርት፣ ቴሌ የመሳሰሉት ላይ ጨርሶ አይፈቀድም።

ጥያቄ፦ የህብረት ስምምነታችን ዘመኑ በሚቀጥለው አመት ያልቃል። መቼ እንጀምር?

ከማለቁ ሶስት ወር በፊት ድርድሩ መጀመር አለበት፣ እናንተ ግን ረቂቁን ከዛ በፊት ጨርሱት። ስምምነቱ አልቆ በሶስት ወር ውስጥ አዲሱ ካልተፈረመ ስለ ደመወዝና ጥቅማጥቅም የሚሉት ድንጋጌዎች ስራ ላይ መዋላቸው ይቀራል፣ አንዳንድ ማኔጅመንት ይህን አውቆ ቀጠሮ ያራዝማል፣ "ጄኔራል ማናጀሩ ፊልድ ነው" እያለ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ስብሰባ በፊት የድርድር ስነስርአት ደንብ ተፈራረሙ፣ በሳምንት ስንት ቀን እንደምትገናኙ፣ ዋናው ሰው ከሌለ ማን እንደሚተካው እዛ ላይ ይጻፍ። አሁን ደግሞ የድሮውን ስምምነት አንድ ኮፒ ያዙና በየክፍሉ ዙሩ፣ ሰራተኛውን የትኛው አንቀጽ እንዳልሰራለት ጠይቁት፣ ረቂቃችሁ ከዛ ነው የሚጀምረው።