«ሴንት ሞድ»፦ ጋኔን ነው ወይስ ብቸኝነት? ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ስለ እንግሊዙ አስፈሪ ፊልም «ሴንት ሞድ» ትንሽ ነገር ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። የተደጋገሙትን ሰብስቤ የቻልኩትን ልመልስ። ፊልሙን ያላየ ሰው የመጨረሻዎቹን ሁለት ጥያቄዎች ይዝለላቸው፤ መጨረሻውን ማውራቴ አይቀርም።

ጥያቄ፦ ላላየነው፣ ባጭሩ ነገሩ ምንድነው?

ሞድ ወጣት ነርስ ናት። ሆስፒታል ውስጥ የሆነ ነገር ተፈጥሮ ሥራዋን ትታለች። ምን እንደሆነ በደንብ አይነገረንም፤ ደም እናያለን። ከዚያ ወዲህ አማኝ ሆናለች። ስሟንም ቀይራለች፤ ድሮ ኬቲ ነበረች። አሁን በየሰው ቤት እየሄደች በሽተኛ ታስታምማለች። አማንዳ የምትባል የቀድሞ ዳንሰኛ ጋ ትቀጠራለች። አማንዳ ካንሰር ይዟት ቀኗን እየጠበቀች ነው። ታጨሳለች፣ ትጠጣለች፣ በእግዚአብሔርም አታምንም። ሞድ ይህችን ነፍስ ላድን ብላ ቆርጣ ትነሳለች። ጣጣው እዚህ ላይ ይጀምራል።

ጥያቄ፦ የማን ሥራ ነው? መቼ ወጣ?

የጻፈችውም ያዘጋጀችውም ሮዝ ግላስ ናት፤ የመጀመሪያ ረጅም ፊልሟ ነው። በፈረንጆቹ 2019 ቶሮንቶ ፌስቲቫል ላይ ታየ። ከዚያ ኮሮና መጣና እንግሊዝ ሲኒማ ቤቶች የገባው በ2020 ኦክቶበር ነው። ለእንግሊዝ ትልቁ የፊልም ሽልማት ለባፍታም ታጭቷል። ርዝመቱ 84 ደቂቃ፤ ምንም ትርፍ ነገር የለውም።

ጥያቄ፦ ማታ ብቻዬን ላየው እችላለሁ?

ድንገት እየዘለለ የሚያስደነግጥ ፊልም አይደለም። እንደዚያ ያለ ቦታ ቢኖርም ጥቂት ነው። ሰው ራሱን ሲጎዳ ማየት ካልቻልሽ ግን ይቅርብሽ። ሞድ ባልፈነዳ የፈንዲሻ በቆሎ ላይ ተንበርክካ ትጸልያለች። ይሄ ገና ቀላሉ ነው። አንድ ቀን ደግሞ ጫፋቸው ወደ ላይ የቆመ ትንንሽ ሚስማሮች ስኒከሯ ውስጥ ትደረድራለች። እግሯን ቀስ ብላ ታስገባለች። ከዚያ ብድግ ብላ ወደ ከተማ ትወጣለች፣ እንደማንኛውም ሰው እየተራመደች። ደም አይታይም። የሚታየው ፊቷ ነው። እኔ እዚያ ላይ የራሴን እግር ሶፋው ላይ ሰበሰብኩ።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ነው ያለሁት፣ ሥራዬ አዛውንት መንከባከብ ነው። ፊልሙ ሥራችንን በትክክል ያሳያል ወይስ ስማችንን ያጠፋል?

የመጀመሪያውን ክፍል ስታዪ የምታውቂው ነገር ይበዛል። ማጠቡ፣ ማልበሱ፣ መድኃኒቱ፣ በሰው ቤት ማደሩ። በተለይ አንድ ነገር ልክ ነው። የሰው ገላ እያጠቡ፣ ሌሊት ሲያቃስት እየሰሙ መቀራረብ አይቀርም። ሞድ ያንን መቀራረብ ወዳጅነት አድርጋ ወሰደችው። ለእሷ አማንዳ ሕይወቷ ሆነች። ለአማንዳ ግን እሷ በደመወዝ የመጣች ልጅ ናት፤ ደስ ስትል የምትወደድ፣ ስትሰለች የምትቀለድባት። የአማንዳ የልደት ግብዣ ላይ ይሄ ሲፈነዳ ማን እንደሚያሳዝንሽ ንገሪኝ። እኔ ሁለቱም አሳዘኑኝ።

ጥያቄ፦ «እግዚአብሔር» የሚያናግራት በምን ቋንቋ ነው? እንግሊዝኛ አይመስልም።

በዌልስኛ ነው፤ የብሪታንያ ክፍል የሆነችው የዌልስ ቋንቋ። ሞድን የምትጫወተው ሞርቪዝ ክላርክ (ፊደሉን አይታችሁ «ሞርፊድ» አትበሉ፣ እኔም ተሳስቼ ነበር) ከዌልስ ናት። ዋናው ግን ይሄ አይደለም። ያ የሚያስገመግም ወፍራም ድምፅ የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የራሷ የተዋናይቷ ነው፤ ወፍራም እንዲሆን ዝቅ ተደርጎ። አምላክ መሰላት እንጂ የሚመልስላት የገዛ ድምፅዋ ነው። ይሄን ካወቅሁ በኋላ ፊልሙን እንደገና አየሁት፤ ሌላ ፊልም ሆነብኝ።

ጥያቄ፦ ሃይማኖትን ይሳደባል? ከእናቴ ጋር ማየት ፈርቼ ነው።

ከእናትህ ጋር አትየው፤ የአልጋ ነገርም አለበት። ስድብ ግን አላየሁበትም። አንድ ነገር ልብ በል፦ አንገቷ ላይ የመግደላዊት ማርያም ምስል አለ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ግን አናያትም። ቄስ የላትም። ምእመን የላትም። የነፍስ አባት የላትም። እኛ ገድል እየሰማን ነው ያደግነው፤ ራስን መቅጣት ለጆሯችን አዲስ አይደለም። ግን ገዳም የገባ መናኝ እንኳ «ልጄ፣ ያየኸው ነገር ከማን እንደሆነ እንመርምር» የሚለው አባት አለው። ሞድን «እስኪ ተይ፣ ብይ፣ ተኚ» የሚላት ማንም የለም። ያለችበትም ስካርብሮ ነው፣ በሰሜን እንግሊዝ የምትገኝ የባሕር ዳርቻ የመዝናኛ ከተማ። የቁማር ማሽኑ መብራት ብልጭ ይላል፣ ሰዉ የለም።

ጆይ የምትባል የድሮ የሥራ ባልደረባ አለቻት። ሞድ በከፋት ምሽት ትደውልላታለች፣ ጆይ አልተመቻትም። በኋላ ራሷ ቤቷ ድረስ ትመጣለች። ያኔ ግን ረፍዷል። ከሚስማሩ ይልቅ ይሄ ነው ያመመኝ።

ጥያቄ፦ መጨረሻ አካባቢ አማንዳ ውስጥ ጋኔን ገብቶ ነበር?

ፊቷ ሲለወጥ፣ ሞድን ስታሽቀነጥራት እናያለን። ማን ነው ያየው ብላችሁ ጠይቁ። ካሜራው ሁልጊዜ ከሞድ ጋር ነው። ከዚያ በፊት አማንዳ የተናገረችው ይበልጥ አስፈሪ ነው፦ ያን ቀን የእግዚአብሔርን መንፈስ አብረን ተሰማን ያልነው የውሸት ነበር፣ አስመስዬ ነው አለቻት። ሞድ በዚህ ዓለም የነበራት አንድ ምስክር እሷ ነበረች። ሞድ አማንዳን በመቀስ የወጋቻት ከዚያ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ እሺ፣ በስተመጨረሻ ቅድስት ሆነች?

ባሕሩ ዳር ላይ ቆማ አሴቶን የሚባለውን ቶሎ የሚቀጣጠል ፈሳሽ አርከፍክፋ ራሷን ታቃጥላለች። ወርቃማ ብርሃን ይሆናል፣ ክንፍ ያወጣል ትከሻዋ፣ የቆመው ሰው ሁሉ ይንበረከካል። ደስ የሚል ሞት። ከዚያ ምስሉ ይቆረጥና ያለ ብርሃን፣ ያለ ክንፍ፣ እየተቃጠለ የሚጮህ ሰው ታያላችሁ። ወዲያው ጨለማ። ቤቴ ስለነበርኩ ወደ ኋላ መልሼ ቆጠርኩት፤ አንድ ሰከንድ እንኳ አይሞላም።