የተሰነጠቀ የምድጃ ጡብ መቼ ይቀየራል?

ጥያቄ፦ በእንጨት የሚሠራው ምድጃዬ ውስጡ ሙቀት በሚችል ጡብ የተሸፈነ ነው። ከጀርባው ጡቦች ሁለቱ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቀዋል፤ በጎን በኩል ያለው አንዱ ደግሞ ጥጉ ተሸርፎ ከኋላው ያለው ብረት ይታያል። በሲሚንቶ ልድፈናቸው ወይስ ሁሉንም ልቀይር? መቀየር ካለብኝስ ሥራው በራሴ አቅም የሚቻል ነው?

መልስ፦ የገለጿቸው ሁለቱ ጉዳቶች እኩል አይደሉም። ጡቡ በየዕለቱ ሲግልና ሲቀዘቅዝ ስለሚለጠጥና ስለሚኮማተር መሰንጠቁ የሚጠበቅ ነው፤ ስንጥቁ ቀጭን እስከሆነና ቁርጥራጮቹ ከቦታቸው እስካልተነቃነቁ ድረስ ጡቡ ሥራውን ይሠራል። የጡቡ ሥራ ደግሞ እሳቱ የምድጃውን ብረት በቀጥታ እንዳይለበልበው መከላከልና በማንደጃው ክፍል ውስጥ ያለውን ሙቀት ከፍ አድርጎ በመያዝ ጭሱ ጭምር እንዲቃጠል ማድረግ ነው። ስለዚህ መታየት ያለበት ከጡቡ ይልቅ ከጀርባው ያለው ብረት ነው፦ ብረቱ ከተጋለጠ ሊጣመም ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል፤ እርሱን መጠገን ደግሞ ጡብ ከመቀየር እጅግ ይከብዳል። ጥጉ የተሸረፈውን ጡብ ሳይውሉ ሳያድሩ ይቀይሩ፤ የተሰነጠቁትን ግን ለጊዜው ይተዋቸው።

ተራ ሲሚንቶ ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይሆንም። ሙቀቱ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ሲሚንቶውን አያይዞ የያዘው ውሃ ስለሚለቅ ይፈረካከሳል፤ የጋለ ምድጃ ውስጥ ደግሞ ሙቀቱ ከዚያም ያልፋል። የግንባታ ጡብም ምትክ አይሆንም።

ሥራውን በራስዎ መሥራት ይችላሉ። አብዛኞቹ ምድጃዎች ጡባቸው ያለ ማጣበቂያ እርስ በርሱ ተደጋግፎ የሚቆም ነው። ምድጃው ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ፤ ላዩ ቀዝቅዞ አመድ ውስጥ የተቀበረ ፍም እስከ ማግስቱ ሊቆይ ይችላልና አንድ ሙሉ ቀን ቢያሳልፉ ይመረጣል። አመዱን ካወጡ በኋላ ቀና ብለው ይመልከቱ፦ በብዙ ምድጃዎች ላይ ጭሱን የሚያዘገየው ጠፍጣፋ ሳህን የሚያርፈው በጎን ጡቦቹ ጫፍ ላይ ስለሆነ፣ እርሱን ሳያወርዱ ጡቡን ከሳቡ እጅዎ ላይ ይወድቃል። አሮጌውን ጡብ አይጣሉት፤ ልኩን ወረቀት ላይ ይንደፉበት።

አዲሱ ጡብ በዓይነቱም በውፍረቱም ከአሮጌው ጋር አንድ ይሁን። ከሸክላ የተሠራው ከባድ ጡብ ሙቀት ያከማቻል፣ ምትም ይችላል፤ ቨርሚኩላይት ከተባለ ማዕድን የተሠራው ቀላሉ ደግሞ ሙቀቱን ወደ እሳቱ ስለሚመልስ ማንደጃው ቶሎ እንዲግል ያደርጋል፣ ነገር ግን በትንሽ ምት ይጎረዳል። ቨርሚኩላይት በእንጨት መጋዝ ይቆረጣል፤ ሸክላው የአልማዝ ዲስክ የተገጠመለት ግራይንደር ይፈልጋል፤ አቧራው ሳንባ የሚጎዳ ሲሊካ ስላለበት ደጅ ሆነው፣ የአቧራ መከላከያ ጭንብል አድርገው ይቁረጡ። በጀርባው ጡብ ላይ የአየር ቀዳዳ ካለ በብረቱ ላይ ካለው ቀዳዳ ጋር መግጠሙን ያረጋግጡ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሲገጥም ነው፤ ጡብ ሲጠብቅ የጠነከረ ስለሚመስለው በመዶሻ እየመታ ያስገባል። ጡቡ ሲግል የሚለጠጥበት ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ካላገኘ የሚገፋው ጎረቤቱን ነውና በመጀመሪያው ሳምንት ይሰነጠቃል። በተለምዶ የጀርባው ጡብ ቀድሞ ይቆማል፣ የጎኖቹ ደግሞ ይደግፉታል።

ጥያቄ፦ ጡቦቹን ከቀየርኩ በኋላ ወዲያውኑ እንደ ወትሮው ማንደድ እችላለሁ?

መልስ፦ አይችሉም። አዲስ ጡብ እርጥበት ይይዛል፤ ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ መጠኑ 1,700 ጊዜ ያህል ስለሚጨምር፣ ድንገት ከጋለ ጡቡን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት በጭራሮ ብቻ ትንሽ እሳት እያነደዱ፣ በመካከሉ እንዲቀዘቅዝ ይተዉት።

ጥያቄ፦ የምድጃዬ ጡቦች በየዓመቱ ይፈረካከሳሉ። ምክንያቱ ምን ይሆን?

መልስ፦ በመጀመሪያ እንጨቱን እንዴት እንደሚያስገቡ ያስተውሉ፤ የተወረወረ ግንድ ከእሳቱ ይልቅ ጡብ ይሰብራል። እንጨቱ ከ20 በመቶ በላይ እርጥበት ካለውም ማንደጃውን ያቀዘቅዛል፣ ጡቡንም በጥቀርሻ ያለብሰዋል። ጥቀርሻውን በውሃ አይጠቡት፤ ደረቅ እንጨት በደንብ ሲነድ ራሱ ተቃጥሎ ይጠፋል። እነዚህ ሁለቱ ካልሆኑ በሩን ዙሪያውን የሚያሽገውን ገመድ ይፈትሹ፦ ወረቀት በበሩ መካከል አድርገው ሲዘጉትና ሲስቡት ያለ ችግር ከወጣ ገመዱ አልቋል፤ ሳይፈልጉት የሚገባው አየር እሳቱን ከልክ በላይ እያጋለው ነውና ጡብ ከመግዛትዎ በፊት ገመዱን ይቀይሩ።