አባቴ የሳህኑን ግማሽ ለምን ይተዋሉ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ67 ዓመት አባቴን ከጥቂት ሳምንታት በፊት ስትሮክ መታቸው። አሁን በደንብ ያወራሉ፣ ይራመዳሉ፣ ሁላችንንም ይለያሉ። ግን ሲበሉ የሳህኑን የቀኝ ግማሽ ብቻ ጨርሰው «ጨምሩልኝ» ይላሉ። ሲላጩ ግራ ጉንጫቸውን ይተዉታል። በር ሲያልፉ በግራ ትከሻቸው ይጋጫሉ። የዓይን ሐኪም «ዓይናቸው ጤነኛ ነው» ብሎናል። ስንነግራቸው «ምንም አልሆንኩም» ብለው ይቆጣሉ። እልህ ነው ወይስ አእምሯቸው ተነክቶ?

መልስ፦ እልህ አይደለም። አእምሯቸውን ስተውም አይደለም። የገለጹልኝ ነገር የቀኙ የአንጎል ክፍል በስትሮክ ሲጎዳ በብዛት የምናየው ችግር ነው። ሐኪሞች «ኔግሌክት» እንለዋለን። እርግጠኛ ለመሆን ግን የነርቭ ሐኪም ሊያያቸው ይገባል።

ማየት ዓይን ላይ አያልቅም። ዓይን ብርሃንን ተቀብሎ መልእክቱን በነርቭ ወደ ኋለኛው የአንጎል ክፍል ይልካል። እዚያ መስመሩ፣ ቀለሙ፣ እንቅስቃሴው ይለያል። ከዚያ ሌሎች ክፍሎች «ይህ ምንድን ነው? የት ነው ያለው? ልብ ልበለው ወይስ ልለፈው?» የሚለውን ይሠራሉ። አባትዎ የተጎዱት በዚህ በመጨረሻው ላይ ይመስለኛል። ምስሉ ሊገባ ይችላል፤ አንጎላቸው ግን በግራ ያለውን ልብ አይለውም።

ግራው ብቻ ለምን? ብዙ ባለሙያዎች የሚቀበሉት ማብራሪያ ይህ ነው፦ የግራው አንጎል በዋናነት የሚከታተለው ቀኝ በኩል ያለውን ነው። የቀኙ አንጎል ግን ሁለቱንም ወገን ይከታተላል። ስለዚህ ግራው ቢጎዳ ቀኙ ይሸፍንለታል። ቀኙ ሲጎዳ ግን ግራ በኩል ያለውን የሚከታተል ይጠፋል።

ችግሩ የዓይን እንዳልሆነ በግልጽ ያሳየ አንድ ጥናት አለ፤ ባሰብኩት ቁጥር ይደንቀኛል። በ1978 እ.ኤ.አ. ቢዚያክና ሉዛቲ የተባሉ ጣሊያናውያን ተመራማሪዎች ይህ ችግር ያለባቸውን ሰዎች «የሚላኖን የካቴድራል አደባባይ በሐሳባችሁ ሳሉ» አሏቸው። መጀመሪያ ፊታቸውን ወደ ካቴድራሉ አዙረው እንደቆሙ እንዲያስቡ ነበር። በቀኝ ያሉትን ሕንፃዎች ጠሩ፤ የግራዎቹን ዘለሉ። ቀጥሎ ካቴድራሉ ደጃፍ ላይ ቆመው ወደ አደባባዩ እንደሚያዩ እንዲያስቡ ተጠየቁ። አሁን ቅድም የዘለሏቸውን ጠሩ፣ የጠሯቸውን ደግሞ ተዉ። ትዝታው አልጠፋም ማለት ነው። በሐሳብ ውስጥ እንኳ ግራው ተዘነጋ።

«ምንም አልሆንኩም» ማለታቸውም የሕመሙ አካል ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ጊዜ ጉድለቱን ለራስ የሚያሳውቀው የአንጎል ሥራ አብሮ ይጎዳል። እባክዎ አይከራከሯቸው፣ አይቆጧቸውም። እሳቸው እየዋሹ አይደለም።

ስትሮክ የእይታን የግራ ግማሽም ሊያጠፋ ይችላል። ያ ብቻ ሲሆን ታማሚው ብዙውን ጊዜ ራሱ ያውቀዋል፤ አንገቱን አዙሮ ያያል። ሁለቱ አብረው ሊመጡም ይችላሉ። የዓይን ሐኪሙ የእይታ ስፋት ምርመራ ሠርቶ እንደሆነ ይጠይቁ።

ቤት ውስጥ ብዙ መሥራት ይችላሉ። ሲያጫውቷቸው በግራቸው ይቀመጡ፤ እስኪዞሩ ታገሷቸው። በሚያነቡት ገጽ ግራ ጠርዝ ላይ ደማቅ ቀይ መስመር አስምሩና «ቀዩን ካዩ በኋላ ጀምሩ» በሏቸው። ሳህኑን አዙሩላቸው። በችኮላ የሚፈልጉትን፣ ለምሳሌ የውሃ ብርጭቆና የመጥሪያ ደወል፣ ግን በቀኛቸው አኑሩ። ግራ እጃቸው ሲቃጠል ወይም በር ሲይዘው ላያስተውሉ ስለሚችሉ ዘወትር ይዩላቸው። መኪና መንዳት ሐኪም እስኪፈቅድ ፈጽሞ አይሆንም። መንገድም ብቻቸውን አያቋርጡ።

የተሃድሶ ባለሙያ ወደ ግራ መፈለግን ደረጃ በደረጃ ያለማምዳቸዋል። ትልቁ መሻሻል ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ወራት ስለሚታይ ልምምዱን አታዘግዩ። አንዳንዱ ሰው ላይ ግን ችግሩ ይቆያል።

የደም ግፊትና ሌሎች የታዘዙላቸውን መድኃኒቶች እንዳያቋርጡ። ድንገት ፊታቸው ከተጣመመ፣ እጃቸው ከዛለ ወይም አንደበታቸው ከተያዘ ሌላ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ደቂቃ ሳታባክኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው።