የአንባብያን ጥያቄ፦ ማልዲኒ እንዴት 25 የውድድር ዘመን ቆየ?

ባለፈው እትም «ስለ ተከላካዮች ጠይቁን» ስንል ይሄን ያህል ጥያቄ ይመጣል ብለን አልጠበቅንም፤ ደሞ አብዛኛው ዞሮ ዞሮ አንድ ሰው ላይ ነው የሚያርፈው፣ የጣልያኑና የኤሲ ሚላን ክለቡ ተከላካይ ፓውሎ ማልዲኒ ላይ። ስለዚ የዛሬውን ገጽ ለሱ ለቀንለታል። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ልጄ 15 ዓመቱ ነው፣ አጥቂ ነበር፣ አሁን አሰልጣኙ ወደ ኋላ መልሶ ተከላካይ አደረገው። ቤት ሲመጣ አኩርፎ ነው፣ ‹ተከላካይን ማን ያየዋል› ይለኛል። ምን ልበለው? ተከላካይ ሆኖስ ትልቅ ቦታ ይደረሳል?» አባት፣ ከአዳማ

ጋሼ፣ መጀመሪያ ልጅዎ ቢያኮርፍ አይፍረዱበት፣ ጎል የሚያገባው ነው ትከሻ ላይ የሚወጣው፣ ይሄን ሁላችንም እናውቃለን። ግን ማልዲኒን ያሳዩት። በ1968 ሚላን ከተማ የተወለደ ልጅ ነው፣ አባቱ ቼዛሬ ማልዲኒ የሚላን አምበል ሆኖ በ1963 ዌምብሌይ ላይ ቤንፊካን 2 ለ 1 አሸንፎ የአውሮፓ ክለቦች ዋንጫን ያነሳ ሰው ነው፣ እና እንደዛ ዓይነት አባት ያለው ልጅ ሜዳ ሲገባ የሚጠብቀውን ነገር እርስዎ አባት ስለሆኑ ይገባዎታል፤ ጥሩ ቢጫወት «ባባቱ ነው የገባው»፣ ቢበላሽ ደሞ «አባቱን አይወጣም» ነው። በነገራችን ላይ ልጅ እያለ የሚደግፈው ሚላንን ሳይሆን ዩቬንቱስን ነበር። ሚላን ታዳጊ ቡድን ገብቶ አደገና በጃንዋሪ 1985 ኡዲኔ ላይ ከኡዲኔዜ ጋር በነበረው ጨዋታ ስዊድናዊው አሰልጣኝ ኒልስ ሊድሆልም ቀይሮ አስገባው፤ 16 ዓመቱ ነበር፣ ልጅዎን የሚበልጠው ባንድ ዓመት ብቻ ነው ማለት ነው። ከዛ በኋላ እስከ 2009 ሌላ ክለብ አልሄደም፤ 25 የውድድር ዘመን፣ ለሚላን በጠቅላላ 902 ጨዋታ፣ ከዛ ውስጥ 647ቱ በጣልያን ሊግ በሴሪ አ። 7 ስኩዴቶ (የጣልያን ሊግ ዋንጫ)፣ 5 የአውሮፓ ዋንጫ። ስምንት የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ደርሷል፣ ስምንት! አንዳንድ ትልልቅ ክለቦች በታሪካቸው ይሄን አላዩም።

አሁን «ተከላካይን ማን ያየዋል» ወደሚለው ልምጣ። ልጅዎ እውነቱን ነው፣ ጥሩ ተከላካይ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ ግን የማይታየው ስራ ስላልሰራ ሳይሆን ስራውን ቀድሞ ስለጨረሰ ነው። ብዙ ልጅ ተከላካይ ማለት ሸርተቴ የሚገባ፣ አቧራ የሚያስነሳ፣ አጥቂውን ከነኳሱ የሚጠርግ ይመስለዋል። ማልዲኒን ቁጭ ብላችሁ እዩት፣ ማሊያው ሳይቆሽሽ የሚወጣበት ጨዋታ ብዙ ነው። ሸርተቴ አይችልም ማለቴ አይደለም፣ ሲገባ እንደሱ ጊዜውን ጠብቆ የሚገባ አላየሁም፣ ግን ለሱ የመጨረሻው አማራጭ ነበር። ኳሷ ገና ከአማካዩ እግር ሳትወጣ እሱ ሁለት እርምጃ ተንቀሳቅሷል፣ ኳሷ ስትደርስ አጥቂው ያገኘው የማልዲኒን ደረት ነው።

ይሄን ከየት አመጣው? ግማሹ ተሰጥኦ ነው፣ ግማሹ ግን አሰልጣኙ ሳኪ ነው። አሪጎ ሳኪ በ1987 ሚላን ሲመጣ ታዋቂ ተጫዋች ሆኖ የማያውቅ ሰው ነው፣ እና ኮከቦቹን ማሳመን ነበረበት። ራሱ ሳኪ ሲተርከው ምን አደረገ መሰላችሁ፣ በረኛውን ጆቫኒ ጋሊን፣ ከዛ ተከላካዮቹን ታሶቲን፣ ኮስታኩርታን፣ ባሬሲንና ማልዲኒን አንድ ወገን አቆመ፣ አምስት ሰው ብቻ፤ በሌላኛው ወገን ጉሊትንና ቫን ባስተንን ጨምሮ አስር ሰው። በሉ በ15 ደቂቃ ውስጥ አግቡ አላቸው። ኳስ በተነጠቁ ቁጥር ከራሳቸው ሜዳ ተመልሰው ይጀምራሉ። አንድም ጎል አላገቡም። አምስት ሰው አስር ሰውን የያዘው አብሮ ስለሚንቀሳቀስ ነው፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይሸፍናል፣ መስመሩ ባንዴ ከፍ ይላል፣ አጥቂው ኦፍሳይድ ላይ ቆሞ ይቀራል። ማልዲኒ ገና በ19 ዓመቱ እዚህ ትምህርት ቤት ውስጥ ነበር፣ እና ለኔ ያ ሁሉ ዓመት የቆየበት ትልቁ ምክንያት ይሄ ነው። ፍጥነት በ30ዎቹ ይቀንሳል፣ ጉልበት (የሱም ጉልበት በተደጋጋሚ አሞታል) ይዝላል፣ ጨዋታ ማንበብ ግን እድሜ በጨመረ ቁጥር ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። በ1994 አቴንስ ላይ በአውሮፓ ክለቦች ዋንጫ ፍጻሜ ባሬሲና ኮስታኩርታ ታግደው ማልዲኒ ከግራ ወደ መሀል መጥቶ ተጫወተ፣ ሚላን ክራይፍ የሚያሰለጥነውን ባርሴሎና፣ ሮማሪዮና ስቶይችኮቭ ያሉበትን፣ 4 ለ 0 ቀጣው። በዛው ዓመት ሊግ ላይ ሚላን በ34 ጨዋታ የገባበት ጎል 15 ብቻ ነው።

ለልጅዎ ምን ይበሉት ላሉኝ፣ «ተከላካይነት ጥሩ ነው» ብለው አይስበኩት፣ የዚህ ዘመን ልጅ ስብከት አይሰማም። ቁጭ ብላችሁ አንድ ሙሉ ጨዋታ አብራችሁ እዩና ኳሷን ትቶ አንድ ተከላካይ ብቻ እንዲከተል ያድርጉት፣ ኳሷ ሌላ ጥግ ላይ ስትሆን ያ ሰው የት ነው የሚቆመው፣ በየስንት ሰከንዱ ነው ዞሮ ጀርባውን የሚያየው። አጥቂ ሆኖ ማደጉም አይጎዳውም እንደውም ይጠቅመዋል፣ አጥቂ ምን እንደሚያስብ ያውቃላ።

«እኔ ቀኜ ነኝ፣ ግን ሰፈራችን ግራኝ ስለሌለ ግራ ፉልባክ (የግራ መስመር ተከላካይ) አድርገውኛል። ክሮስ ማድረግ ሲገባኝ ወደ ቀኜ አዙሬ እስክመታ ኳሷ ትነጠቃለች። ማልዲኒም ቀኝ እግረኛ ነበር ሲሉ ሰማሁ፣ እውነት ነው?» ከሐዋሳ

እውነት ነው ወንድሜ። ዋናው ቡድን ውስጥ ሲጀምርም ቀኝ በኩል ነበር የሚጫወተው፣ ቀኝ በኩል ግን ታሶቲ ነበር፣ ግራ ክፍት ነበር፣ ሄደ። ግራ እግሩን ሰርቶ ሰርቶ እዛ አደረሰው፣ ብዙ ተመልካች ግራኝ ነው ብሎ ነው የሚያስበው።

አሁን ቦታህን በደንብ አስበው። ግራ ፉልባክ ሆነህ ወደፊት ስትቆም መሀል ሜዳው በቀኝህ ነው አይደል? የተቃራኒው ዊንገር (የመስመር አጥቂ) ወደ ውስጥ ሊቆርጥብህ ሲሞክር የሚመጣው ወደ ቀኝህ ነው፣ ማለትም ወደ ጠንካራ እግርህ። ዛሬ እንደ ሳላህና ሳካ ያሉት ግራኝ ሆነው ቀኝ መስመር ላይ የሚጫወቱት ሁሉም ስራቸው ወደ ውስጥ መቁረጥ ነው፣ ስለዚ ለመከላከል ቀኜ መሆንህ ችግር ሳይሆን ጥቅም ነው። ችግሩ በመስመሩ በኩል ሲያልፍህና አንተ ራስህ ወጥተህ ክሮስ ስታደርግ ነው፣ እዚህ ላይ አልዋሽህም፣ ግራ እግርህን ከመስራት ውጪ መላ የለውም። ግድግዳ ፈልግ፣ በግራ ብቻ ምታ፣ በግራ ብቻ ተቀበል፣ ቀኝህን እርሳው። መጀመሪያ ኳሷ የትም ትሄዳለች፣ ትበሳጫለህ፣ ቀጥል።

ሌላው ማልዲኒ ላይ ማየት ያለብህ አቋቋሙን ነው። ዊንገር ፊት ለፊት ሲመጣበት ደረቱን ገትሮ አይጠብቅም፣ ጎኑን ሰጥቶ፣ ጉልበቱን ትንሽ አጥፎ፣ በጣቶቹ ጫፍ እየረገጠ ነው ወደ ኋላ የሚሄደው፣ ዓይኑ ኳሷ ላይ ነው፣ የሰውየው ትከሻና እግር ቢወዛወዝ ግድ የለውም። እና በአቋቋሙ ብቻ ዊንገሩን እሱ ወደፈለገበት ጎን ይነዳዋል። ፊት ለፊት ከቆምክ ግን በሁለቱም በኩል ሊያልፍህ ይችላል፣ ለመዞር አንድ እርምጃ ታባክናለህ፣ እዛች አንድ እርምጃ ላይ ነው ሁሉም ነገር የሚያልቀው። ነገ ልምምድ ላይ ሞክረው።

«ይሄ ሁሉ ዋንጫ ኖሮት ባሎንዶር (የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት) ለምን አልበላም? ከጓደኞቼ ጋር ተጣልተናል።» ከደሴ

ሁለቴ ሶስተኛ ወጥቷል፣ በ1994 ከስቶይችኮቭና ከሮቤርቶ ባጅዮ ቀጥሎ፣ በ2003 ደሞ ከኔድቬድና ከኦንሪ ቀጥሎ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ ድምጽ የሚሰጡት ሰዎች ጎል ያያሉ። ከተከላካይ ወገን የወሰዱት ቤከንባወር፣ ዛመር እና በ2006 ካናቫሮ ናቸው፣ በቃ። በኔ እምነት የ2003ቱ ለሱ ይገባ ነበር፣ ያ ዓመት 35 የሞላው ሰው ኦልድ ትራፎርድ ላይ ከኔስታ ጋር መሀል ተጣምሮ ዩቬንቱስን 120 ደቂቃ ጎል ከልክሎ፣ በፔናሊቲ አሸንፎ፣ አባቱ ከ40 ዓመት በፊት ያነሳውን ዋንጫ በአምበልነት አነሳ፣ ከዚህ በላይ ምን ያድርግ? ኔድቬድ አሪፍ ተጫዋች ነው፣ ክፉ አላወራበትም፣ ፍጻሜው ላይ ግን በካርድ ታግዶ ሜዳ አልነበረም።

የሚያሳዝነኝ ባሎንዶሩ ሳይሆን ብሔራዊ ቡድኑ ነው። 126 ጨዋታ፣ አራት የዓለም ዋንጫ፣ አንድም ዋንጫ የለም። 1990 ሀገሩ ላይ በአርጀንቲና በፔናሊቲ፣ 1994 ፍጻሜ ላይ በብራዚል በፔናሊቲ፣ 1998 አባቱ አሰልጣኝ እሱ አምበል ሆነው በፈረንሳይ አሁንም በፔናሊቲ፣ በ2000 የሀገራት የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ መደበኛው ሰዓት አልቆ በጭማሪ ደቂቃ ፈረንሳይ አቻ አድርጋ ከዛ ትሬዜጌ ወርቃማዋን ጎል፣ ጨዋታውን ባንዴ የምትጨርሰውን፣ አገባባቸው። 2002 ላይ የደቡብ ኮሪያው አን ጁንግ ህዋን በቴስታ ሲያስወጣቸው ከሱ ጋር አብሮ የዘለለው ማልዲኒ ነበር፣ ከዛ ጨዋታ በኋላ ለጣልያን አልተጫወተም። ጣልያን ዓለም ዋንጫውን በ2006 በላች፣ እሱ የለም።

ኢስታንቡልን፣ የ2005ቱን የአውሮፓ ክለቦች ዋንጫ ፍጻሜ፣ ያነሳችሁም ብዙ ናችሁ። በሜይ 2005 ገና የመጀመሪያው ደቂቃ ሳይሞላ የፒርሎን ቅጣት ምት ተቀብሎ በቀኝ እግሩ ሊቨርፑል ላይ አገባ፣ ሚላን 3 ለ 0 መርቶ እረፍት ወጣ፣ ቀሪውን ታውቁታላችሁ፣ ሊቨርፑል 3 ለ 3 አድርጎ በፔናሊቲ ዋንጫውን ወሰደ። ከሁለት ዓመት በኋላ አቴንስ ላይ ያንኑ ሊቨርፑልን 2 ለ 1 አሸነፉና ዋንጫውን አምበሉ አነሳው፣ 39 ሊሞላው አንድ ወር ሲቀረው።

«የማልዲኒን 3 ቁጥር ማሊያ አሁን ማን ነው የሚለብሰው?» ከባህር ዳር

ማንም። ክለቡ አንስቶታል፣ ለብሰው መጫወት የሚችሉት የፓውሎ ልጆች ብቻ ናቸው። ልጁ ዳንኤል በ2020 ለሚላን ሲጀምር ግን 3ን አልለበሰም፣ ተከላካይም አይደለም፣ ፊት ነው የሚጫወተው፣ ኋላም ወደ ሞንዛ ሄደ። በኦክቶበር 2024 ለጣልያን ብሔራዊ ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀይሮ የገባው እዛው ኡዲኔ ላይ ነው፣ አባቱ ስራ የጀመረበት ከተማ፣ እና አያት አባት ልጅ ሶስቱም ለሀገራቸው ተጫወቱ ማለት ነው።

«እውነት ፓውሎ ማልዲኒ ላይ የራሱ ደጋፊዎች ሽኝቱ ላይ አፏጩበት?» ከአዲስ አበባ

አዎ፣ እና አሁንም ያናድደኛል። ሜይ 24 ቀን 2009 ሳን ሲሮ ላይ ከሮማ ጋር የመጨረሻ የሜዳው ጨዋታ ነበር፣ 3 ለ 2 ተሸነፉ፣ ካለቀ በኋላ ሜዳውን እየዞረ ሲሰናበት ስታዲየሙ በሙሉ ቆሞ እያጨበጨበለት ኩርቫ ላይ (ከጎሉ ጀርባ ባለው መቀመጫ) ያሉ የአልትራስ፣ የአክራሪ ደጋፊዎች፣ ቡድን አባላት አፏጩበት፣ ሜዳ ላይ ትልቅ ተጫዋች ነህ ግን አላከበርከንም የሚል ባነርም ሰቀሉ። ቁርሾው የቆየ ነው፣ ማልዲኒ እነሱን የሚያባብል ሰው አልነበረም፣ ሲያጠፉ ፊት ለፊት ይናገራቸዋል። 25 የውድድር ዘመን ሙሉ አንድ ማሊያ ለለበሰ ሰው ይሄ አይገባም ነበር፣ ደሞ ክለቡም በዛ ሰሞን ጮክ ብሎ አልቆመለትም። በሳምንቱ ፊዮሬንቲና ሜዳ ላይ የመጨረሻውን ጨዋታ ሲያደርግ የተጋጣሚው ደጋፊ ተነስቶ አጨበጨበለት።

ከዛ ለዘጠኝ ዓመት ከሚላን ጋር ስራ አልነበረውም። በ2018 በአመራርነት ተመለሰ፣ በሱ ጊዜ ነው ተጫዋቾቹ ቲዮ ኤርናንዴዝና ማይክ ሜኛን የመጡት፣ በ2022 ሚላን ከ11 ዓመት በኋላ ስኩዴቶ በላ፣ ከዓመት በኋላ በጁን 2023 ባለቤቶቹ አሰናበቱት። ያኔ ግን ደጋፊው ከሱ ጎን ነበር፣ ስንብቱን ተቃውሞ የጮኸው ብዙ ነው።